ቀለም ቆጥሮ መቀባት

ከአገሩ ወጥቶ ግጥም የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው አንባቢ ነው። ጎረቤቱ ፊደሉን አያውቅም። ተርጉሞ ሲያነብለት ደግሞ ቤት መምታቱም ዜማውም ይረግፍና "ናፈቀኝ፣ በረደኝ" የምትል ደረቅ ወሬ ብቻ ትቀራለች። ሥዕል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማንም ቆሞ ያየዋል፤ አብስትራክት (የታወቀ ነገር ቅርጽ የማይታይበት) ከሆነ ግን "ይሄ ምንድነው?" መምጣቱ አይቀርም፣ ሠዓሊውም የሚመልሰው ይጠፋዋል።

እኔ ሁለቱን ለየብቻ ስገፋ ብዙ ዓመት ባከንኩ። ቀን እቀባለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። እናንተም እንዲህ ከሆናችሁ፣ ወይም ግጥም እየጻፋችሁ ቡሩሽ መያዝ ካማራችሁ፣ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ሌላም መንገድ ይኖራል። ለእኔ የሆነልኝ ይሄ ነው።

በስህተቴ ልጀምር። ስለ ሻንጣ የጻፍኩት ግጥም ነበረኝ። ምን አደረግኩ? ሻንጣ ሳልኩ። ሻንጣው ያምር ነበር፣ ግጥሙ ግን እዚያው ሞተ፤ ምክንያቱም ግጥሙ ውስጥ ያለው ሻንጣ ያልተፈታ ሻንጣ ነው፣ አለመፈታትን ደግሞ በምን ትስሉታላችሁ? ከዚያ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ሻንጣውን በጨርቅ አሻሸሁት፣ አደበዘዝኩት፣ "አብስትራክት" አልኩት። የደበዘዘ ሻንጣ ያው ሻንጣ ነው። ስለዚህ ግጥሙ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርሷቸው። ሻንጣ፣ በር፣ መንገድ፣ ወፍ፣ በተለይ ወፍ፣ በቃ ይቅሩ።

ታዲያ ምን ይቀራል? ቁጥሩ ይቀራል።

አንድ ቀን ስለ ግጥም ምጣኔ የያዝኩትን የድሮ ማስታወሻ ሳገላብጥ አንዲት ቃል ላይ ደርሼ ቆምኩ። ቀለም። በአማርኛ ስንኝ የሚለካው በቀለም፣ ማለትም ስናነበው አፋችን በሚያወጣቸው ድምፆች ብዛት ነው። ባለ 12 ቀለም፣ ባለ 10 ቀለም እንላለን። ስንት ጊዜ ሰምቼው እንዳለፍኩ አትጠይቁኝ። ጠረጴዛዬ ላይ በየቱቦው ተኝቶ የሚጠብቀኝም እኮ ስሙ ቀለም ነው! ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም ሲጠራቸው ኖሯል፣ እኔ ግን ለማገናኘት ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ስንኝ ምረጡ፣ የራሳችሁን። ረጅም ግጥም ይዛችሁ እንዳትጀምሩ፣ መሀል ላይ ትተዉታላችሁ። የምትቆጥሩት በጆሮ ነው እንጂ በዓይን አይደለም። ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጉ። በጣም የለመድነው የወል ቤት የሚባለው ምት በአንድ ስንኝ 12 ቀለም አለው፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ አለ፣ 6 ከዚህ 6 ከዚያ። ሰንጎ መገን ደግሞ 10 ነው፣ 5 እና 5። የእኔ መንቶ (ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም) የወል ቤት ነው፦

ሻንጣዬን ሳልፈታ ክረምቱ ገባብኝ፣
በሩን ብከፍተውም ቃሉ ተዘጋብኝ።

ፊደሎቹን ብትቆጥሩ 33 ናቸው። ቀለሞቹ ግን 24 ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው ሳድስ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ ይዞ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ "ክረምቱ" ላይ እንዳለችው ክ። አንዳንዴ ደግሞ ከፊቱ ካለፈው ፊደል ጋር ተጣብቆ ይዋጣል፣ "ሻንጣ" ላይ እንዳለችው ን። የተዋጡት እዚህ 9 ናቸው። እነዚህን 9 ፊደሎች ለብቻ ምልክት አድርጉባቸው፣ ኋላ ይፈለጋሉ።

አሁን 24ቱን በየቤታቸው፣ ማለትም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባለው ተራቸው ለዩ። ግዕዙን ከግዕዝ፣ ካዕቡን ከካዕብ። እኔ ይህን ሳደርግ መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነበር የያዝኩት፣ ምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። የወጣውን እዩልኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ስንኝ፣ "ሻንጣዬን ሳልፈታ" የሚለው፣ ከ6 ቀለሙ 4ቱ ራብዕ ናቸው፦ ሻ፣ ጣ፣ ሳ፣ ታ። አፍ በሰፊው ይከፈታል። "ክረምቱ ገባብኝ" ላይ ስንደርስ አንድ ራብዕ ብቻ ትቀራለች፣ ባ። "በሩን ብከፍተውም" ላይ ጭራሽ የለም። በር ስለ መክፈት የሚያወራው ቦታ ላይ አፋችን አንድም ጊዜ ወለል ብሎ አይከፈትም! ስጽፈው ይህን አላሰብኩም፣ ማልም ካላችሁ እምላለሁ። ደግሞ ሌላ፦ በሁለቱ ስንኝ ውስጥ አንዲት ኃምስ ብቻ አለች። ዬ። "የእኔ" የምትለዋ ፊደል። ሣልስና ሳብዕ ፈጽሞ የሉም።

እዚህ ላይ ሥዕሉ ግማሽ ያህል አልቋል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቀለም ስጡ። የትኛው ለየትኛው ይሁን የሚለውን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ሕግ የለውም፤ አንዴ ከወሰናችሁ ግን እንዳትቀያይሩ። እኔ ለራብዕ የሸክላ ቢጫ፣ ለግዕዝ አመድማ፣ ለካዕብ ጥቁር ሰማያዊ፣ ድምፅ ላለው ሳድስ ቡናማ ሰጠሁ። ለዬ ቀይ። ሸራው ላይ አንድ ቀይ ብቻ ይኖራል ማለት ነው፣ እሱም የተቀመጠበትን ቦታ እኔ አልመረጥኩትም፣ ግጥሙ ነው የመረጠው። "ቀዩን እዚህ ላድርገው ወይስ እዚያ?" እያሉ ሦስት ቀን መባዘን ቀረ ማለት ነው። አብስትራክት የሞከረ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቃል።

ልኬቱን ቀላል አድርጉት። እኔ ወርዱ 65 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 50 የሆነ ሸራ ተጠቀምኩ። እያንዳንዱ ቀለም 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይይዛል፣ 12ቱ 60 ይሆናሉ፣ የተረፈው 5 መሀል ላይ የትንፋሹ ቦታ ነው። ሁለት ስንኝ፣ ሁለት ረድፍ። የተዋጡት 9 ሳድሶች ስፋት የላቸውም፤ በሁለት ቀለም ድንበር ላይ የሚያልፉ ቀጫጭን መስመሮች ይሆናሉ፣ ልክ በአፋችን ውስጥ እንደሚያልፉት።

የትንፋሹን ቦታ ባዶ ትታችሁት ብትሄዱም ይሆናል። ግን አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ሠዓሊው ፖል ክሌ እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ ግጥም ወስዶ ፊደል በፊደል በትናንሽ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ውስጥ ከተተው፣ ወረቀቱንም መሀል ላይ ለሁለት ቆርጦ በሁለቱ ግማሾች መካከል የብር ወረቀት አስገባ። ያቺ የብር መስመር ባትኖር ሥዕሉ የቀለም ጥልፍ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ትንፋሹን ከሌላው የተለየ ነገር አደርገዋለሁ። አንዳንዴ ሸራውን ጥሬውን፣ ጄሶ (ከቀለም በፊት ሸራ የሚቀባውን ነጭ መደብ) ሳልቀባው እተወዋለሁ፣ አንዳንዴ ቀጭን ወረቀት እለጥፍበታለሁ። ብቻ ከግራና ቀኙ ጋር እንዳይመሳሰል።

አሁን ደግሞ ፊደላችን የማይችለውን ቀለም የሚችልበት ቦታ። አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ፊደሉ ላይ ግን አይታይም። ገና የሚለውን በዓልም "ገና አልመጣም" የሚለውንም አንድ ዓይነት ነው የምንጽፈው፣ አንባቢው ራሱ ይወቀው። ሥዕል ላይ ይህን ማሳየት ይቻላል፣ ያውም በቀላሉ። የሚጠብቀውን ድምፅ አወፍሩት። በፓሌት ናይፍ (በቀለም መቀቢያ ቢላ) ቀለሙን ከምሩበት፣ እጅ ሲነካው እንዲቆረቁር። የላላውን በቀጭኑ፣ ውሃ በዛ አድርጋችሁ። በእኔ መንቶ ውስጥ ከሚጠብቁት መካከል "ገባብኝ" ላይ ባ እና ብ፣ "ተዘጋብኝ" ላይ ጋ እና ብ ይገኛሉ። አራቱም በስንኝ መጨረሻ ናቸው። ስለዚህ የሸራው ቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ ቀለሙ አብጦ ወጣ፤ መብራት ከጎን ሲመታው ጥላ ይጥላል። ቤት የሚመታው እዚያ ጋ ነው።

በነገራችን ላይ ግጥማችሁ ምት የማይጠብቅ ከሆነም አትጨነቁ። ረድፎቹ እኩል አይሆኑም፣ በቃ። አንዱ 7 ሆኖ ሌላው 15 ይሆናል፣ ጠርዙ ይሰባበራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታን አስታውሱ። ገጣሚም ሠዓሊም ነበር፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አብስትራክትን ለአገሩ ሰው አሳየ፣ ግጥሙም ላይ የለመድነውን ምት ይሰባብር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። የእሱን ዓይነት ስንኝ 6 በ6 ልክፈል ብትሉ ትርፉ ድካም ነው።

ወደ ሥራው። የመጀመሪያውን እጅ በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥነው ቀለም) ቀቡ። ቀጭን ሲሆን በ20 ወይ በ30 ደቂቃ ይደርቃል። በላዩ ላይ የዘይት ቀለም መጠቀም ይቻላል። የዘይት ቀለም ላይ አክሪሊክ መቀባት ግን አይሆንም፣ ጊዜ ቆጥሮ ይላጣል። የክፍላችሁ መስኮት አንድ ከሆነና የምትተኙትም እዚያው ከሆነ የዘይቱን ነገር ተዉት፣ ሽታው አያስተኛም።

24ቱ ሲያልቁ ትንሽ ራቅ ብላችሁ እዩት። የወለል ንጣፍ ይመስላል። አውቃለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አለቀ" ብሎ ይፈርማል፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ይሄ አጥንቱ ነው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ማጥፋት ነው።

ሰፊ ቡሩሽና እርጥብ ጨርቅ ያዙ። ግጥሙን በቃላችሁ በሉት፣ ደጋግማችሁ፣ እስኪሰለቻችሁ። ድምፃችሁ ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያሉትን ቀለሞች በቀጭን ነጭ ወይም በአመድማ ሸፍኗቸው፣ ግማሹን በጨርቁ ጥረጉት። እኔ ከ24ቱ 9 ወይ 10 ብቻ በግልጽ እንዲታዩ አደርጋለሁ። ሌላው ከሥር ሆኖ ይተነፍሳል። የጠፋው ብዙ፣ የቀረው ጥቂት ሲሆን ተመልካቹ ራሱ ክፍተቱን መሙላት ይጀምራል፤ ከአገር የራቀ ሰው ትዝታም እንደዚሁ ነው፣ ግን ስለዚህ ብዙ ብናገር ግጥም ልጽፍ ነው፣ ልተወው።

ፊደሉ ራሱ ይታይ ወይስ አይታይ? ይሄ ትልቁ ጥያቄ ነው፣ እኔም አሁን ድረስ እየተሟገትኩበት ነው። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ ዕድሜውን ሙሉ ፊደልን እየዘረጋ፣ እየቆረጠ፣ እያጠማዘዘ ሲሥል ኖሯል፤ እሱ ጋ ፊደሉ ራሱ አካል ነው። ብዙዎቻችን ጋ ግን ጌጥ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሥራዬን ሊያሳይልኝ የነበረ ሰው "ፊደሎቹን ትንሽ ብታበዛቸው፣ ሰው ይወድዳቸዋል" አለኝ። ምን እንደሚሉ ግን አንዴም አልጠየቀኝም። ቤቴ ሄጄ ከሁለት ሥራ ላይ ፊደሎቹን በነጭ ሸፈንኳቸው። አንዱ ሥዕል ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም አማረበት። ሌላው ፈረሰ። ፊደል የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነበር ማለት ነው። እናንተም እንዲህ ሞክሩት፣ ግን መጀመሪያ ፎቶ አንሱ።

የምሸፍንበትን መንገድ ከጠየቃችሁ አንድ የምወደው አለ። ሰምና ወርቅ የሚለውን ነገር በየኤግዚቢሽኑ መግለጫ ላይ ሳነብ ሰልችቶኝ ነበር፣ ሰም በእጄ ይዤ መጻፍ እስክጀምር ድረስ። ወፈር ያለ የውሃ ቀለም ወረቀት አምጡ፣ 300 ግራም የሚባለውን። ነጭ ሻማ ያዙና ግጥሙን ጫን እያላችሁ ጻፉበት። ነጭ በነጭ ላይ ስለሆነ የጻፋችሁት አይታያችሁም። መስመር ይጣመማል፣ ቃል በቃል ላይ ይወጣል፣ ማጥፋትም አይቻልም። ከዚያ ቀለም በውሃ በጥብጣችሁ በሰፊ ቡሩሽ አንድ ጊዜ ስባችሁ አሳልፉበት። ሰሙ ያለበት ቦታ ውሃውን ይገፋዋል። ፊደሎቹ ከጨለማ ውስጥ ነጭ ሆነው ብቅ ይላሉ፣ ግማሹ የተቆረጠ፣ ግማሹ የሚነበብ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ስጨርስ አደርኩ። ሰሙ አብረቅርቆ ካስቸገራችሁ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሀል አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት፣ ወረቀቱ ይመጥጠዋል። ይህን ሸራ ላይ በአክሪሊክ ልሞክር እንዳትሉ ግን። አክሪሊክ ሰም ላይ አይይዝም።

ሸራ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ በቡሩሹ እንጨት ጫፍ ጻፉ። ከሥር ያለው ቀለም ብቅ ይላል። ፈጠን በሉ ብቻ።

ማርከር ግን አትንኩ። ይሄን በደንብ ልብ በሉት። እኔ አንድ ሙሉ ግጥም በማይለቅ ጥቁር ማርከር ጽፌ ሁለት እጅ ነጭ አክሪሊክ ቀባሁበት፣ ጠፋልኝ ብዬ ተኛሁ። ከሰነበተ በኋላ ሐምራዊ ሆኖ ከነጩ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ሦስተኛ እጅ ቀባሁ፣ እሱንም አልፎ መጣ። እንዲህ ያለ ማርከር ቀለሙ ወደ ላይ እየሰረገ ይወጣል፣ ለብርሃን ሲጋለጥ ደግሞ ይደበዝዛል። አንዳንዶች "ይሄማ ያምራል፣ የታፈነ ቃል ተመልሶ ሲመጣ" ይላሉ። ሸራው የእነሱ አይደለማ።

ስለ ቦታ ትንሽ። ስደት ላይ ያለ ሰው ስቱዲዮ የለውም፣ ጠረጴዛ ካለው ጥሩ ነው። ገጣሚና ሠዓሊዋ ኤቴል አድናን በዚህ ታጽናናኛለች። ቤይሩት ተወልዳ በፈረንሳይኛ ነው የተማረችው። የአልጄሪያ ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይኛ መጻፍ አስጠላት፣ ካሊፎርኒያ ፍልስፍና እያስተማረች ሳለች ቀለም አነሳች፣ በዐረብኛ እሥላለሁ አለች፣ ዐረብኛ እንደልቧ መጻፍ ሳትችል። ሸራዎቿ ትናንሽ ነበሩ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ በፓሌት ናይፍ ነበር የምትሠራው። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ወረቀት ላይም የዐረብ ገጣሚዎችን ግጥም በእጇ እየገለበጠች በቀለም አጅባዋለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በ96 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ መጻፉንም መሣሉንም አልተወችም።

ታጣፊው ወረቀት ለረጅም ግጥም ተመራጭ ነው። ሠዓሊዋ ሶንያ ደሎኔ እ.ኤ.አ. በ1913 ፓሪስ ውስጥ ከአንድ ገጣሚ ጋር 2 ሜትር ያህል የሚዘረጋ ሠርታለች፣ በግራ በኩል ቀለሙ በቀኝ በኩል ግጥሙ አብረው ይወርዳሉ። 150 ቅጂ ታትሞ ቢቀጣጠል የኤፍል ማማን ቁመት ያህላል ተብሎ ነበር የታሰበው። እኛ 150 አንፈልግም። አንድ ረጅም ወረቀት እጠፉ፣ እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ስንኝ ይሁን። ሲያልቅ ተጣጥፎ ኪስ ይገባል። ቤት ስትቀይሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራው ተሰቅሎ ሰው ሊያየው ሲሆን አንድ ፈተና ይመጣል። የግጥሙን ትርጉም ከጎኑ መለጠፍ። አዘጋጆቹም ይጠይቋችኋል። እኔ አንዴ ለጠፍኩ፣ ከዚያ ጥግ ቆሜ ሰው ስታዘብ ዋልኩ። ሁሉም መጀመሪያ ጽሑፉን ያነባል፣ ቀና ብሎ ሥዕሉ ላይ ሻንጣ ይፈልጋል፣ ሲያጣው ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ያን ሁሉ ቀለም ቆጥሬ ሻንጣ ፍለጋ! አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ግጥሙን በራሴ ድምፅ ቀድቼ በትንሽ ኪውአር ኮድ አስቀምጣለሁ። 10 ሰከንድ አይሞላም። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሥዕሉን ሲያይ ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ይጀምራል፣ መሀሉ ላይ ባለችው ክፍተት ሲደርስ ይቆማል። አንድ ሰውዬ እንዲያውም ትንፋሹን ሲስብ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ትርጉሙን ለሚጠይቀኝ እነግረዋለሁ፣ ካየ በኋላ።

የመጨረሻው ነገር ጀርባው ነው። ግጥሙን ሙሉውን ከሸራው ጀርባ ጻፉት፣ የትኛው ቀለም ለየትኛው ቤት እንደሆነም አብራችሁ። የላይኛውን ጎን ደግሞ በቀስት አመልክቱ። የእኔ መንቶ በአንድ የጋራ ኤግዚቢሽን ላይ ተገልብጦ ተሰቅሎ ሁለት ሳምንት ቆየ። ቤት የሚመታው ወፍራሙ ጠርዝ በግራ በኩል ሆኖ፣ ግጥሙ ከመዝጊያው ጀምሮ ወደ ኋላ እየተነበበ፣ እኔም ለማውረድ ስሄድ ነው ያየሁት። ማንም አላስተዋለም፣ እንዲያውም አንዲት ሴትዮ እንዲህ ሆኖ ነው የወደድኩት ብላ ገዛችው። አሁን ቀስት ሳልሠራ ከቤት አይወጣም። ቀስቱን በእርሳስ ነው የምሠራው፣ በማርከር አይደለም።